ሳይመለመሉ የተመረጡ፦ የሙከራ ውድድር በወታደራዊ የስፖርት ቡድኖች ውስጥ ያለው ፋይዳ

ደብረ ብርሃን (ዜና ሐተታ)፦ በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን ከተማ በስተምዕራብ፣ ከመንዲዳ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ በምትገኘው ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም የተወለደው አበበ ቢቂላ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ የተቀጠረው ለሩጫ አልነበረም። እንደማንኛውም ተራ ወታደር ለጥበቃና ለውትድርና ግዳጅ ነበር የተመዘገበው። በአሰልጣኞች ዘንድ ስሙ የማይታወቅ፣ ቀደም ሲል በየትኛውም ውድድር ያልተመለመለ ወጣት ነበር። ይህ ወታደር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሮም ኦሊምፒክ የማራቶን ባለድል ለመሆን የበቃው ሠራዊቱ ለማንኛውም አባሉ ክፍት የሆነ የሙከራ ውድድር ስለነበረው ነው።

በወታደራዊ ትምህርት ቤቶችና በሠራዊት ክፍሎች የስፖርት ቡድን ውስጥ ለመግባት በዓለም ዙሪያ በአመዛኙ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው አሰልጣኞች ወይም መልማዮች አስቀድመው አይተው የሚመርጡት ስፖርተኛ የሚገባበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማንም ሳይጠራው በራሱ ፈቃድ ቀርቦ "ልሞከር" የሚል አባል የሚገባበት ነው። በዚህ ሐተታ የሚብራራው ሁለተኛው መንገድ ሲሆን፣ አሠራሩ ለኢትዮጵያ ስፖርት ያስገኘውን ውጤትና ዛሬም ለሚመለከታቸው የሥራ ኃላፊዎች ያለውን ትምህርት ለማሳየት ይሞከራል።

ሁለቱ መንገዶች በውጭው ዓለም

አሠራሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1802 የተመሠረተው የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1845 የተቋቋመው የአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ለተማሪዎቻቸው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። በምትኩ ተመራቂው መኮንን ቢያንስ ለአምስት ዓመታት በሠራዊቱ ውስጥ እንዲያገለግል ይገደዳል። በዌስት ፖይንት እያንዳንዱ ዕጩ መኮንን በትምህርት ቆይታው በስፖርት መሳተፍ ግዴታው ሲሆን፣ ተሳትፎው ከሻምበል ውድድር አንስቶ አካዳሚውን ወክሎ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር እስከ መወዳደር ይደርሳል።

አሰልጣኞች ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚመለምሏቸው ስፖርተኞች ቢኖሩም፣ በትምህርት ውጤታቸው ከገቡ በኋላ ለሙከራ ቀርበው ወደ ቡድን የሚቀላቀሉም አሉ። ለሁለቱም የመግቢያው መስፈርት አንድ ነው። የትምህርት ውጤት፣ የጤና ምርመራና የአካል ብቃት ፈተና ሁሉም ማለፍ አለባቸው። በመሆኑም ሳይመለመል የመጣው ተማሪ በስፖርቱ ሙከራ ባይመረጥ እንኳ በአካዳሚው ያለውን ቦታ አያጣም፤ ትምህርቱን ጨርሶ መኮንን ይሆናል። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ከሚነሳው የኢትዮጵያ ተሞክሮ ጋር የሚገናኝ በመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

አሠራሩ በኢትዮጵያ እንዴት ተጀመረ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የውትድርና ትምህርትና ዘመናዊ ስፖርት አብረው ያደጉ ናቸው። በ1927 ዓ.ም በስዊድን መኮንኖች አሰልጣኝነት ሥራ የጀመረው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ምክንያት ቢቋረጥም፣ ከነፃነት በኋላ የስዊድን ባለሙያዎች እንደገና ወደ አገሪቱ በመምጣት ክብር ዘበኛን አሰልጥነዋል። ከነዚህ ባለሙያዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1946 የመጡት የአካል ማጎልመሻ አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ይገኙበታል። ኒስካነን በትውልድ ፊንላንዳዊ፣ በዜግነት ስዊድናዊ ሲሆኑ፣ ሥራቸው የጀመረው ዕጩ መኮንኖችን በማሰልጠን ነበር።

በወቅቱ በአገሪቱ እንደ ዛሬው የተደራጁ የአትሌቲክስ ክለቦች አልነበሩም ማለት ይቻላል። ሜዳ፣ አሰልጣኝ፣ ሐኪምና ለልምምድ የሚበቃ ጊዜ በአንድነት ሊገኙ የሚችሉት በአመዛኙ በሠራዊቱ ውስጥ ነበር። ወታደሩ ደመወዙ የተረጋገጠ፣ ምግቡና ማደሪያው የተሟላ በመሆኑ በሩጫው ባይሳካለት የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። የጦር ኃይሎች ሻምፒዮና በየክፍሉ ያሉ ወታደሮች የሚገናኙበት መድረክ በመሆኑም ስሙ ያልታወቀ ወታደር ከታወቀው ጋር በአንድ መስመር ላይ ለመቆም የሚችልበትን ዕድል ይፈጥር ነበር።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም በሜልቦርን ሲሆን፣ በዚያ ውድድር ሜዳሊያ አላገኘችም። ከተሳታፊዎቹ አንዱ የክብር ዘበኛው ማሞ ወልዴ ነበር። አበበ ቢቂላ በዚያ ጉዞ አልነበረበትም።

ከወታደር ክፍል ወደ ሩጫ መስመር

አበበ በልጅነቱ እንደ አካባቢው ልጆች ገና ሲጫወት ያደገ ሲሆን፣ በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። በውትድርና ሥራው ላይ እያለ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ ያለውን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደርሶ መልስ ይሮጥ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ላይ ተመልክቷል። ኒስካነን ያዩትና በቋሚነት ማሰልጠን የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

በዘመኑ በረጅም ርቀት የታወቀው ሯጭ የክብር ዘበኛው ዋሚ ቢራቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በተካሄደው የጦር ኃይሎች ሻምፒዮና አበበ ዋሚን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ። ይህ ውጤት ለአንድ አዲስ ተወዳዳሪ ከፍተኛ ቢሆንም ወደ ኦሊምፒክ የሚያስኬድ አልነበረም። አበበ ለመጀመሪያ ጊዜ ማራቶን የሮጠውና ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም ክረምት በአዲስ አበባ ነው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በተደረገው ሁለተኛ ውድድርም ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አጠናቀቀ።

ይህ ሰዓት በቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ከተመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ ማለትም ከ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ የፈጠነ ነው። ይሁንና ሰዓቱ የተመዘገበው ከአገር ውጭ በማይታወቅ ውድድር፣ ስሙን ማንም በማያውቀው ወታደር ነበር። የሙከራ ውድድር ዋና ጥያቄ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። የተመዘገበውን ቁጥር የሚያነበው ማን ነው? እንዴትስ ያነበዋል?

ሰዓቱን በትክክል ማንበብ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደብረ ብርሃን ከዚህም ትበልጣለች፤ ከፍታዋ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ነው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አንኮበር ደግሞ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በድንገት ይቆለቆላል። በእንዲህ ዓይነት አካባቢ ትምህርት ቤትና ገበያ ለመድረስ ዳገትና ቁልቁለት መመላለስ ከዕለት ተዕለት ኑሮ የሚቆጠር ነው።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ኦክስጅን የሚሸከሙ የቀይ ደም ሴሎችን ቁጥር ያሳድጋል። ይሁንና ለረጅም ርቀት ሯጭ በደጋ የሚመዘገበው ሰዓት በባሕር ወለል አቅራቢያ ከሚመዘገበው የዘገየ መሆኑ አይቀርም። በመሆኑም በአዲስ አበባ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ የሮጠ ሰው በዝቅተኛ ስፍራ ከዚህ በብዙ ሊፈጥን ይችላል። ሰዓቱን ከአውሮፓ ሰዓቶች ጋር እንዳለ ያወዳደረ መራጭ ተወዳዳሪውን ደህና ሯጭ ብሎ ያልፈዋል። ከፍታውን ከግምት ያስገባ ግን የዓለም ደረጃ ያለው ሯጭ መሆኑን ይረዳል።

ኒስካነን በአገሪቱ ከአሥር ዓመት በላይ የኖሩ በመሆናቸው ይህን ለመረዳት አልተቸገሩም። አበበ ቢቂላንና ሌላውን የክብር ዘበኛ ሯጭ አበበ ዋቅጅራን ለሮም ማራቶን አስመዘገቡ። ዋሚ ቢራቱ ግን በሮሙ ማራቶን አልተሰለፈም።

ውጤቱ የታወቀ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ነጥብ 2 ሰከንድ አሸነፈ። አዲሱ ጫማ እግሩን ስለጎዳው እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወስኖ ነበር። በአዲስ አበባ ካስመዘገበው ሰዓት በስድስት ደቂቃ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1958 በሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌ ፖፖቭ የተያዘውን የዓለም ፈጣን ሰዓትም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለ። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ከ25 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛ ሲወጣ፣ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆነ። አበበ ከሰሐራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያው ጥቁር የኦሊምፒክ የወርቅ ባለሜዳሊያ ለመሆን በቃ።

ከሮም መልስ የአስር አለቃነት ማዕረግ ተሰጠው። ይሁንና በሠራዊት ውስጥ ያለ ስፖርተኛ ዕጣው ከሠራዊቱ ዕጣ ጋር የተያያዘ ነው። ከድሉ ሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በከሸፈ ጊዜ አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተለቋል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአምስት ሳምንታት ገደማ በኋላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሰከንድ በማሸነፍ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል።

ተተኪው ከኋላ ሲመጣ

የሙከራ በር ክፍት መሆኑ የሚጠቅመው አንድን ሰው ብቻ አይደለም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ከተማ አበበ በጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውድድሩን ሲያቋርጥ፣ ያሸነፈው የዚያው የክብር ዘበኛ ባልደረባ ማሞ ወልዴ ነበር። ማሞ በሜልቦርን በአጭርና በመካከለኛ ርቀት ተወዳድሮ ውጤት አላገኘም ነበር። በቶኪዮ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ። የማራቶን ወርቁን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ነጥብ 4 ሰከንድ ያገኘው ከመጀመሪያው የኦሊምፒክ ተሳትፎው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በአንድ ቀን ሙከራ ብቻ የሚወስን አሠራር ቢኖር ኖሮ ማሞ ከሜልቦርን በኋላ ተሰናብቶ ሊቀር ይችል ነበር።

ከአየር ኃይል የተገኘው ምሩጽ ይፍጠርም ተመሳሳይ ትዕግሥት ያስፈለገው ሯጭ ነው። በ1964 ዓ.ም በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። በ1968 ዓ.ም የሞንትሪያሉ ኦሊምፒክ በአፍሪካ አገሮች ተቃውሞ ምክንያት አመለጠው። በ1972 ዓ.ም በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አስገኘ።

ከሠራዊቱ ውጭ ያሉ የደንብ ልብስ ለባሽ ተቋማትም ይህንኑ ዕድል ከፍተዋል። ከበቆጂ የመጣችው ጥሩነሽ ዲባባ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የመመዝገቢያ ጊዜው ያለፈ በመሆኑ፣ ወደ አገሯ ከመመለስ ይልቅ በማረሚያ ቤቶች የስፖርት ክለብ ውስጥ መግባቷ ይታወቃል። በ1995 ዓ.ም በፓሪስ የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2000 ዓ.ም በቤጂንግ የሁለት ወርቅ፣ በ2004 ዓ.ም በለንደን ደግሞ የአንድ ወርቅ ባለቤት ሆናለች።

ሰሜን ሸዋም ከአበበ በኋላ ሯጭ አላጣችም። በአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ በምትገኘው ጫጫ የተወለደችው ጌጤ ዋሚ በ1988 ዓ.ም በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝታ፣ በ1991 ዓ.ም በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮና በ30 ደቂቃ ከ24 ነጥብ 56 ሰከንድ ወርቅ አምጥታለች። በ1993 ዓ.ም መግቢያ በሲድኒም በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ በ5 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝታለች።

ያልተመረጡትስ?

ስለ ሙከራ ሲነገር በአብዛኛው የሚነሱት የተመረጡት ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በተመረጠበት ሙከራ ሁሉ ብዙዎች ሳይመረጡ ይቀራሉ። ከአንኮበር ወይም ከሌላ ደጋማ ወረዳ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ከቤተሰቡ የመጓጓዣ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ከተማ ለሙከራ የሚመጣ ወጣት ባይመረጥ ምን ይገጥመዋል የሚለው ጥያቄ ከስፖርቱ ባሻገር የማኅበራዊ ጉዳይ ጥያቄ ነው። የቀድሞው ክብር ዘበኛ ወታደር በሙከራው ቢሸነፍ ወደ ምድብ ሥራው ይመለስ ነበር። የዌስት ፖይንቱም ዕጩ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይመለሳል። ማደሪያም ሆነ ሥራ ሳይኖረው የሚሞከረው ወጣት ግን የሚመለስበት ቦታ የተረጋገጠ አይደለም።

ከላይ ከተዘረዘሩት ታሪኮች ለተቋማት ኃላፊዎች፣ ለስፖርት ባለሙያዎችና ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚጠቅሙ ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ የሙከራው ቀን፣ ቦታና መመዘኛ አስቀድሞ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ማስታወቂያው በክለቡ ግቢ ብቻ ከተለጠፈ የሚያየው በግቢው ውስጥ ያለው ወይም ዘመድ ያለው ብቻ ይሆናል። በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ከወጣ ግን የሩቁም ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ በሰዓትና በርቀት የሚለካ፣ ከፍታንም ከግምት ያስገባ ሊሆን ይገባል። የሰው ምክርና የደብዳቤ ድጋፍ የሩጫን ሰዓት ሊተካ አይችልም። በባለሙያ ያልተነበበ ሰዓትም ቢሆን የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ ሙከራው ከአንድ ቀን ቢያልፍ ይመረጣል። አበበ በሁለት ማራቶኖች ተፈትኗል፤ ማሞም ከአንድ ኦሊምፒክ ወደ ሌላው ዕድል ተሰጥቶታል። በዕለቱ የታመመ፣ መንገድ ያደከመው ወይም ምግብ ያልቀመሰ ወጣት በዚያ ቀን ብቻ መመዘኑ ትክክለኛ አቅሙን ላያሳይ ይችላል።

አራተኛ፣ የጤና ምርመራና የዕድሜ ማረጋገጫ ከሩጫው በፊት መከናወን አለባቸው። ዕድሜውን የቀነሰ ተወዳዳሪ የእኩዮቹን ቦታ ይወስዳል። ከአቅሙ በላይ የሠለጠነ ታዳጊም ገና ሳይጎለምስ ሊጎዳ ይችላል።

አምስተኛ፣ የተመረጠውም ሆነ ያልተመረጠው ውጤት በመዝገብ ሊቀመጥ ይገባል። ያልተመረጠው ሰዓቱን በጽሑፍ ይዞ ከሄደ በሚቀጥለው ዓመት ወይም በሌላ ክለብ እንደገና ሲቀርብ ዕድገቱን ማየት ይቻላል። መዝገብ ከሌለ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ መራጩም ባለፈው ዓመት ማንን እንዳለፈ አያውቅም።

እነዚህ ሥራዎች ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። ማስታወቂያ፣ የሰዓት መያዣ፣ አንድ የጤና ባለሙያና አንድ መዝገብ በአብዛኞቹ ተቋማት ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። ከዚህ የሚከብደው የተመዘገበውን ውጤት በምክንያት የሚያስረዳ፣ ሲጠየቅም መልስ የሚሰጥ ኃላፊ መመደቡ ነው።

አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም ምሽት ላይ መኪናውን እየነዳ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ሸኖ አቅራቢያ በደረሰበት አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ከታከመ በኋላም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። በሻምበልነት ማዕረግ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ ያረፈ ሲሆን፣ ሥርዓተ ቀብሩም በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ወደ ክብር ዘበኛ የገባው በተራ ወታደርነት ሲሆን፣ ወደ ሮም የወሰደው ደግሞ በአዲስ አበባው ሙከራ ያስመዘገበው የ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ውጤት ነው።